የመርከቧ ሰዎች፦ ከነጃሺ አገር እስከ ኸይበር

(በሬድዮ የቀረበ ዝግጅት፣ ለአንባቢያን እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሰሐባዎቻቸው ላይ ይስፈን።



ስለ ሐበሻ ሒጅራ ያልሰማ ሙስሊም ቤት በአገራችን አይገኝም። ጃዕፈር ብን አቢ ጣሊብ (ረ.ዐ) በነጃሺ ፊት ያደረገውን ንግግር፣ የሱረቱ መርየምን ንባብ፣ የንጉሡን ዕንባ ልጆቻችን ሳይቀሩ ይተርኩታል። ነገር ግን ይህን ታሪክ ስንተርክ ሁልጊዜ የምናቆመው አንድ ቦታ ላይ ነው። ንጉሡ ፍርዱን ይሰጣል፣ የቁረይሽ መልዕክተኞች ስጦታቸውን ተሸክመው አፍረው ይመለሳሉ፣ እኛም አልሐምዱሊላህ ብለን እንነሳለን። ከዚያ በኋላስ? ከዚያች የፍርድ ቀን ጀምሮ ስደተኞቹ በመርከብ ተሳፍረው ከነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር እስከተገናኙባት ቀን ድረስ አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ አለ። በዛሬው ዝግጅታችን የምናወራው ስለነዚህ ዓመታት ነው።

ሶብር ሲባል ሐሳባችን ቶሎ የሚሮጠው በመካ አሸዋ ላይ ድንጋይ ወደተጫነበት ወደ ቢላልና ሰማዕት ወደሆነችው ሱመያ ነው። ይህ ትክክል ነው። ሆኖም ጅራፍ የሌለበት፣ ጠላት በዓይን የማይታይበት፣ ቀኑ ከቀን የማይለይበት ሶብርም አለ። ሌሎች ወደፊት ሲገሰግሱ አንተ ባለህበት ቁም ስትባል መቆም ማለት ነው። ይህኛው ሶብር በእኔ ግምት ከመጀመሪያው የሚቀል አይደለም። እንዲያውም ብዙዎቻችን የምንወድቀው በዚህኛው ላይ ነው።

እስቲ ከመጀመሪያው እንነሳ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በተላኩ በ5ኛው ዓመት፣ በረጀብ ወር፣ ማለትም በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ፣ በመካ የሚደርሰው በደል የማይቻል ሲሆን የተወሰኑ ሰሐባዎች ወደ ሐበሻ እንዲሄዱ ተፈቀደላቸው። የመጀመሪያዎቹ ትንሽ ነበሩ። አሥራ አንድ ወይም አሥራ ሁለት ወንዶችና አራት ያህል ሴቶች። ከነርሱ ውስጥ ዑስማን ብን ዐፋንና ባለቤቱ፣ የነብዩ ልጅ ሩቀያ (ረ.ዐ) ይገኛሉ። ከፊሉ በእግሩ፣ ከፊሉ በግመል ተደብቆ ሹዐይባ የሚባለው ወደብ ሲደርሱ ሁለት የነጋዴ መርከቦች አገኙ። የሲራ ጸሐፊዎች የከፈሉትን ዋጋ ሳይቀር መዝግበውልናል፤ ግማሽ ዲናር። ቁረይሾች ተከታትለው ባሕሩ ዳር ሲደርሱ መርከቦቹ ሄደዋል።

ሐበሻ ደርሰው በሰላም ተቀመጡ። ሻዕባንን አሳለፉ፣ ረመዷንን አሳለፉ። ከዚያ አንድ ወሬ ደረሳቸው፦ የመካ ሰዎች ሰልመዋል!

የዚህን ወሬ ምንጭ ብዙ ዑለማዎች ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሱረቱ ነጅምን አንብበው ሱጁድ በወረዱ ጊዜ በዙሪያቸው የነበሩ ሙሽሪኮች ጭምር አብረው ሱጁድ ከመውረዳቸው ጋር ያያይዙታል። የሱጁዱ ነገር በሶሒሕ ሐዲስ የተዘገበ ነው። ወሬው ግን ባሕሩን ሲሻገር አበጠ። የአንድ ቅጽበት ሱጁድ ሐበሻ ሲደርስ የአንድ ከተማ እስልምና ሆነ። ዛሬም ቢሆን ከሩቅ አገር ያለ ሰው ስለ አገሩ የሚሰማው ወሬ እንዲሁ ነው፤ ልቡ የሚመኘውን ከሰማ አያጣራም።

በሸዋል ወር ጓዛቸውን ጠቅልለው ተመለሱ። መካ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ከኪናና ጎሳ የሆኑ መንገደኞችን አግኝተው ቢጠይቋቸው ነገሩ እንደዚያ እንዳልሆነ ነገሯቸው። ይህን ሁኔታ አስቡት። ቤታቸው በዓይን በሚታይ ርቀት ላይ ነው። ገንዘባቸውን ለመርከብ ከፍለው ጨርሰዋል። ከኋላቸው ባሕር፣ ከፊታቸው ያ የሸሹት ጅራፍ አለ። ተመካከሩና አብዛኞቹ የአንድ መካዊ ባላባት ጥበቃ እየጠየቁ፣ ሌሎቹም ተደብቀው ገቡ።

ከነርሱ መካከል የዑስማን ብን መዝዑን (ረ.ዐ) ነገር ሳይጠቀስ አይታለፍም። የወሊድ ብን ሙጊራን ጥበቃ አግኝቶ ነበርና ማንም አይነካውም። ባልንጀሮቹ ሲደበደቡ እርሱ በሰላም እየወጣ ይገባል። ይህ ሰላም ከበደው። ወደ ወሊድ ሄደና ጥበቃውን በካዕባ አካባቢ በሕዝብ ፊት መለሰለት። ከዚያም ዝነኛው ገጣሚ ለቢድ ግጥሙን ወደሚያሰማበት ጉባኤ ገባ። ስለ ኣኺራ ጸጋ የማይሆን ነገር ሲነገር ሰምቶ ዝም ማለት አልቻለምና ተቃወመ። ጸብ ተነሳ፤ አንዱ ተነስቶ ዓይኑን መታው። ወሊድ ይህን አይቶ ጥበቃዬ ውስጥ ብትቆይ ኖሮ ዓይንህ ከዚህ ትድን ነበር አይነት ንግግር ቢናገረው፣ ዑስማን ጤነኛዋ ዓይኑም የእህቷ ዕጣ እንደሚያስፈልጋት፣ ራሱም ከወሊድ በበረታው ጌታ ጥበቃ ውስጥ እንዳለ መለሰለት።

ከሐሰት ወሬው በኋላ መከራው ስለባሰ ሁለተኛው ሒጅራ ሆነ። አሁን የሄዱት ብዙዎች ናቸው፤ ሲራ ጸሐፊዎች 83 ያህል ወንዶችና 18 ያህል ሴቶች ይቆጥራሉ። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። አንድ ጊዜ ተሰድደው፣ በሐሰት ተስፋ ተታለው፣ ያላቸውን አውጥተው የተመለሱ ሰዎች አሉ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ዳግመኛ ያንኑ ባሕር ተሻገሩ። ሁለተኛው ጉዞ ከመጀመሪያው ይከብዳል። በመጀመሪያው ላይ ቢያንስ ተስፋ አዲስ ነው።

በዚህ በሁለተኛው ጉዞ ጃዕፈር ከባለቤቱ ከአስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ) ጋር ሄደ። አስማእን አትርሷት፤ የዛሬው ታሪካችን ብዙው በእርሷ ላይ ያርፋል።

የቁረይሽ መልዕክተኞችን ታሪክ ስለምታውቁት በአጭሩ እናልፈዋለን። ዐምር ብን አል-ዓስና ዐብዱላህ ብን አቢ ረቢዓ ሐበሻ የሚወደውን የመካ ቆዳ ይዘው መጡ። ንጉሡን ከማግኘታቸው በፊት ለሹማምንቱና ለጳጳሳቱ አንድ በአንድ ስጦታ አደሉ። ነጃሺ ግን ሁለቱንም ወገን ሳይሰማ አልፈርድም አለ። ጃዕፈር ተናገረ፤ ቁርኣን አነበበ። በማግስቱ ዐምር ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ) የሚሉትን ጠይቃቸው ብሎ ሌላ ወጥመድ ቢያጠምድም ጃዕፈር እውነቱን ሳይቀንስ ተናገረና ነገሩ በሰላም ተፈጸመ። ይህን ሁሉ የምንሰማው በቦታው ከነበረችው ከኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ነው። ከዚህ ንግግር ሁሉ ይልቅ የእርሷ ዘገባ ቀጣይ ክፍል ብዙ ጊዜ አይነሳም። አሁን ወደዚያ እንሂድ።

ብዙም ሳይቆይ በነጃሺ ላይ ሥልጣኑን የሚቀናቀን ሰው ተነሳ። ስደተኞቹ እንደዚያን ጊዜ ያዘኑበት ጊዜ እንደሌለ ኡሙ ሰለማ ትናገራለች። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዋስትናቸው በሙሉ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ነው። እርሱ ከወደቀ የሚተካው ንጉሥ የነርሱን መብት የሚያውቅ ላይሆን ይችላል። ሁለቱ ሠራዊቶች ከወንዝ ማዶ ተፋጠጡ። ማን ሄዶ ወሬ ያምጣልን ሲሉ በዕድሜ ከሁሉ የሚያንሰው ዙበይር ብን አል-ዐዋም (ረ.ዐ) እኔ አለ። የቆዳ ስልቻ ነፍተው በደረቱ ሥር አደረጉለት፣ በዚያ ተንሳፍፎ ወንዙን ዋኝቶ ተሻገረ። የቀሩት በዚህ በኩል ቆመው ነጃሺን ድል እንዲሰጠው አላህን ይለምናሉ። ውጤቱ ምን ይሁን ሳያውቁ እየጠበቁ ሳለ ዙበይር ልብሱን እያውለበለበ ሲሮጥ መጣ። ነጃሺ አሸንፏል።

ተወኩልን ላስተምር ለሚል ዳዒ ከዚህ የተሻለ ምስል አላውቅም። ዱዓ አደረጉ፤ ዱዓው እንዳለ ሆኖ ደግሞ ስልቻ ነፉ።

ከዚያ በኋላ ዓመታቱ ይነጉዳሉ። ከስደተኞቹ ከፊሎቹ፣ ኡሙ ሰለማና ባለቤቷ፣ ዑስማንና ሩቀያም ጭምር፣ ወደ መካ ተመለሱ። በ622 ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ መዲና ተሰደዱ። በ624 በድር ሆነ፣ በ625 ኡሑድ፣ በ627 ኸንደቅ። እስልምና መንግሥት ሆነ፣ መስጊድ ተሠራ፣ አዛን ተደነገገ፣ ቂብላ ወደ ካዕባ ዞረ፣ የረመዷን ጾም ግዴታ ሆነ። ይህ ሁሉ ሲሆን ጃዕፈርና ባልደረቦቹ ሐበሻ ናቸው።

የበድርን ድል እንዴት እንደሰሙ የሚናገር አንድ ዘገባ በሲራ መጻሕፍት ሰፍሯል። ነጃሺ ጃዕፈርንና ባልደረቦቹን አስጠራቸው። ሲገቡ ንጉሡ ያረጀ ልብስ ለብሶ በባዶ መሬት ላይ ተቀምጧል። አንድ ክፉ ነገር ደርሷል ብለው ደነገጡ። እርሱ ግን የምሥራች ሊነግራቸው ነው የጠራቸው። የላከው ሰው መጥቶ በድር በምትባል ቦታ አላህ ነብዩን ድል እንዳጎናጸፋቸው ነግሮታል። ይህን ለአላህ ምስጋናና መተናነስ ብሎ ነው መሬት ላይ የተቀመጠው። እንግዲህ እነ ጃዕፈር የበድርን ወሬ የሰሙት ከባዕድ ንጉሥ አፍ ነው። ደስታው የነርሱ ነው፣ በቦታው ግን አልነበሩም። የዘመቱት ስማቸው ባሕረ መዝገብ ላይ ሲሰፍር እነርሱ የሉበትም። የልጆቻቸውን ምረቃና ሠርግ በስልክ የሚሰሙ፣ የወላጃቸውን ጀናዛ ከሩቅ አገር ሆነው የሚያለቅሱ ወንድሞችና እህቶች ይህ ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ በተሻለ ያውቁታል።

ለምን አልሄዱም? ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። መዲና ከተቋቋመች በኋላ ከሐበሻ የሚያግዳቸው የለም። መልሱን የምናገኘው ከአቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ (ረ.ዐ) ሐዲስ ነው። የርሱም ታሪክ ራሱ የሚደንቅ ነው። አቡ ሙሳና ሁለት ታላላቅ ወንድሞቹ ከኃምሳ በላይ ከሆኑ ወገኖቻቸው ጋር ከየመን ተነስተው ወደ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለመሄድ በመርከብ ተሳፈሩ። መርከባቸው ግን ወዳሰቡት ሳይሆን ወደ ነጃሺ አገር አወጣቻቸው። ወደ ሰሜን ሊሄዱ የተነሱ ሰዎች በተቃራኒው ዳርቻ ተጣሉ። ይህ እንደ ሰው ሒሳብ የከሸፈ ጉዞ ነው። እዚያ ጃዕፈርን አገኙት። እርሱም የአላህ መልዕክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ወደዚህ እንደላኳቸውና እንዲቆዩ እንዳዘዟቸው ነግሮ፣ እናንተም አብራችሁን ቆዩ አላቸው። ቆዩ።

ስለዚህ ነገሩ ትእዛዝ ነበር። አንዳንድ የታሪክ ሰዎች ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሐበሻ ያሉትን ያስቆዩት መዲና ገና አደጋ ላይ ስለነበረች፣ ክፉ ቢመጣ ሙስሊሞች ሁሉ በአንድ ቦታ እንዳይጠፉ ነው ይላሉ። ይህ አስተያየት ሚዛን የሚደፋ ይመስለኛል። ምክንያቱም የተጠሩት ከሑደይቢያ ስምምነት በኋላ፣ በ628 መዲና ከቁረይሽ ወረራ ስትተነፍስ ነው። ይሁን እንጂ ይህን ማስላት የምንችለው እኛ፣ መጨረሻውን ያየነው ነን። እነርሱ በየዓመቱ የሚያውቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ቆዩ ተብለናል።

የዚህ መቆየት ዋጋ በኡሙ ሐቢባ (ረ.ዐ) ላይ ይታያል። ስሟ ረምላ ነው፤ የቁረይሹ መሪ የአቡ ሱፍያን ልጅ። ከባለቤቷ ከዑበይዱላህ ብን ጀሕሽ ጋር ለዲኗ ብላ የአባቷን ቤት ጥላ ተሰደደች። የሲራ ጸሐፊዎች እንደሚሉት ባለቤቷ እዚያው ሐበሻ ሃይማኖቱን ቀየረና በዚያው ሞተ። አሁን የዚህችን ሴት ሁኔታ ተመልከቱ። በባዕድ አገር ሕጻን ልጅ ይዛለች። ባሏ የለም። መካ ብትመለስ አባቷ ሙስሊሞችን የሚወጋ ሠራዊት የሚመራ ሰው ነው። እዚያም እዚህም ቤት የላትም። እንዲህ ያለችው ሴት ለእኛ ጎረቤት ብትሆን ኖሮ ምን ስንላት እንደነበረ አላህ ያውቃል። ምናልባትም አንዳንዳችን ወደ አባቷ እንድትመለስ እንመክራት ነበር።

በዲኗ ጸናች። ከዚያም አንድ ቀን ከነጃሺ ዘንድ የተላከች አብረሃ የምትባል አገልጋይ በሯን አንኳኳች። የአላህ መልዕክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ዐምር ብን ኡመያ አድ-ዶምሪን (ረ.ዐ) ወደ ነጃሺ ልከው ኡሙ ሐቢባን ለጋብቻ ጠይቀዋታል። ከደስታዋ ብዛት ያደረገችውን የብር አምባር አውልቃ ለአብረሃ ሰጠቻት። ወኪሏ ዘመዷ ኻሊድ ብን ሰዒድ (ረ.ዐ) ሆነ፤ መህሩን ነጃሺ ከራሱ ገንዘብ ከፈለ፣ 400 ዲናር እንደነበር በአንድ ዘገባ ተነግሯል። ቤት ያጣችው ሴት የምእመናን እናት ሆነች።

በነዚያው ዓመታት አንድ ሌላ ሰው ደግሞ ነጃሺ ዘንድ መጥቶ ነበር። ያው ዐምር ብን አል-ዓስ ነው! ከኸንደቅ በኋላ የሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ነገር እየበረታ መሄዱን አይቶ ነጃሺ አገር ልቆይ ብሎ መጣ። የነብዩን መልዕክተኛ ዐምር ብን ኡመያን አይቶ አሳልፈህ ስጠኝ ብሎ ንጉሡን ቢጠይቀው ነጃሺ ክፉኛ ተቆጣ። በዚያ ቁጣ ውስጥ የዐምር ልብ ተሸነፈ። ስደተኞቹን አስሮ ሊወስድ የመጣው ሰው እዚያው ሐበሻ ለእስልምና ቃል ገባና በ8ኛው ዓመተ ሒጅራ ከኻሊድ ብን አል-ወሊድ ጋር መዲና ገባ። ባልደረባው ዐብዱላህ ብን አቢ ረቢዓም በመካ ድል ጊዜ ሰለመ። አላህ (ሱ.ወ) የሚሠራውን ሲሠራ እንዲህ ነው።

በ7ኛው ዓመተ ሒጅራ፣ በ628፣ ነጃሺ በሁለት መርከብ አሳፍሮ ሸኛቸው። መዲና ሲደርሱ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ኸይበር ዘምተዋል። ተከትለው ሄዱ፤ ሲደርሱ ኸይበር ተከፍታ አገኟት። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጃዕፈርን በዓይኖቹ መካከል ሳሙት፤ በየትኛው ይበልጥ እንደሚደሰቱ፣ በኸይበር መከፈት ወይስ በጃዕፈር መምጣት፣ እንደማያውቁ ተናገሩ። ከኸይበር ገኒማም ድርሻ ሰጧቸው። አቡ ሙሳ እንደሚያወሳው በዘመቻው ላልነበረ ለሌላ ሰው አልተሰጠም፤ ለመርከቧ ሰዎች ግን ተሰጠ። በድር ላይም እንዲህ ያለ ነገር ሆኖ ነበር። ዑስማን ብን ዐፋን የታመመችውን ሩቀያን ሲያስታምም ከበድር ቀርቶ ነበርና ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከዘመቱት ጋር እኩል ድርሻ ሰጡት። ሩቀያ (ረ.ዐ) በነዚያው ቀናት ሞተች። በግድ የቀረ ሰው በአላህ መልዕክተኛ ሒሳብ የቀረ አይደለም።

ከመርከቢቱ ከወረዱት መካከል ሐበሻ የተወለዱ ልጆችም ነበሩ። የጃዕፈር ልጅ ዐብዱላህ አለ፤ የኻሊድ ብን ሰዒድ ልጅ ኡሙ ኻሊድም አለች። ለነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከመጣላቸው ልብስ መካከል አንዲት ትንሽ ጥለት ያላት ጥቁር ልብስ ነበረች። ለማን እንስጥ ብለው ኡሙ ኻሊድን አስመጧትና በእጃቸው አለበሷት። ጥለቱን እያሳዩ «ሰናህ» አሏት፤ ዘጋቢዎቹ በሐበሻ ቋንቋ ያማረ ማለት ነው ብለው ይፈታሉ። የእኛ አድማጭ ግን ፍቺ አያስፈልገውም፤ ሠናይ የሚለውን ቃል ያውቃልና። ሕጻኗ በስደት አገር የለመደችውን ቃል ከነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) አንደበት ሰማች።

አሁን ወደ አስማእ እንመለስ። መዲና ከገባች በኋላ አንድ ቀን የነብዩን (ሰ.ዐ.ወ) ባለቤት ሐፍሷን (ረ.ዐ) ልትጠይቅ ሄደች። የሐፍሷ አባት ዑመር (ረ.ዐ) ገባና ይህች ማን ናት አለ። አስማእ መሆኗ ሲነገረው፣ የሐበሻዋ? የባሕሯ? ብሎ ጠየቀ። ከዚያም እነርሱ በሒጅራ እንደቀደሟቸው፣ ስለዚህም ለአላህ መልዕክተኛ የቀረበ መብት እንዳላቸው ተናገረ። ዑመር ይህን ያለው በክፋት አይደለም። መዲና ያለ ሰው ሁሉ የሚያስበውን ነው የተናገረው። ስደተኞቹ ለዓመታት በልባቸው ሲፈሩት የነበረውም ይኸው ሳይሆን አይቀርም፤ ዘግይታችኋል መባል።

አስማእ ተቆጣች። እናንተ ከአላህ መልዕክተኛ ጋር ነበራችሁ፤ የተራበው ከመካከላችሁ ይበላ ነበር፣ ያላወቀው ይማር ነበር፤ እኛ ግን በሩቅና በባዕድ አገር ስንፈራና ስንቸገር ነበርን፣ ያም ለአላህና ለመልዕክተኛው ስንል ነበር በሚል መንፈስ መለሰችለት። ይህን ለነብዩ ሳልነግር እህልም ውሃም አልቀምስም ብላ ማለች። አንድ ቃል እንደማትጨምርም እንደማትቀንስም ቃል ገባች። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጡ፤ ነገረቻቸው። ምን መለሽለት? ብለው ጠየቋት፤ የመለሰችውንም ነገረቻቸው። ያን ጊዜ ዑመር ከነርሱ የበለጠ መብት እንደሌለው፣ ለርሱና ለባልደረቦቹ አንድ ሒጅራ እንዳላቸው፣ ለመርከቧ ሰዎች ግን ሁለት ሒጅራ እንዳላቸው ነገሯት።

እናቶችና እህቶች፣ በዚህ ላይ ትንሽ ቆም በሉ። አንዲት ሴት የሚመለከታትን ነገር በአደብና በድፍረት ይዛ ሄደች፤ ለራሷ ብቻ ሳይሆን ለመቶ ሰው የሚሆን መልስ ይዛ ተመለሰች። አቡ ሙሳና የመርከቧ ሰዎች ወሬውን ሲሰሙ ቡድን ቡድን እየሆኑ ወደ አስማእ ይመጡ ነበር። ከዱንያ ምንም ነገር ከዚህ ቃል በላይ አላስደሰታቸውም። ያ የየመኑ አቡ ሙሳ፣ መርከብ ወደማያስበው አገር የጣለው ሰው፣ ይህን ሐዲስ ደግማ እንድታሰማው ይጠይቃት ነበር።

አንዳንዴ በደዕዋችን ላይ ሶብር አድርጉ ነገ ሁሉ ይስተካከላል እያልን ለሰዎች የዱንያን ምቾት ቃል የምንገባ እንመስላለን። የአስማእን ቀሪ ሕይወት የተመለከተ ሰው እንዲህ አይልም። በመዲና ከጃዕፈር ጋር የኖረችው ከዓመት ጥቂት ያለፈ ጊዜ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ጃዕፈር ከነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር ለዑምራ መካን አየ። የሐምዛ ልጅ የሆነችው የሙት ልጅ አክስቷ አስማእ ስለሆነች በነርሱ ቤት እንድታድግ ተወሰነላት፤ ነብዩም (ሰ.ዐ.ወ) ያን ቀን ጃዕፈርን በመልክም በጸባይም እኔን ትመስላለህ በማለት አከበሩት። ከዚያ በ629፣ በ8ኛው ዓመተ ሒጅራ፣ ወደ ሙእታ ዘመተ። ዘይድ ብን ሓሪሣ ሲወድቅ ባንዲራውን ያዘ፣ እርሱም ሰማዕት ሆነ። ዐብዱላህ ብን ዑመር (ረ.ዐ) በገላው ላይ ከኃምሳ ያላነሰ ቁስል ቆጥሯል፤ አንዱም ከጀርባው አልነበረም።

አስማእ ያን ቀን ቆዳ ስታለፋ ውላ፣ ሊጥ አቡክታ፣ ልጆቿን አጥባና ቀብታ ነበር። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጡና የጃዕፈርን ልጆች አምጪልኝ አሏት። አቅፈው ሲያሸቷቸው ዓይናቸው ዕንባ አቀረረ። ያን ጊዜ ገባት። ለጃዕፈር ቤተሰብ ምግብ እንዲሠራላቸው ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) አዘዙ፤ ለሐዘንተኛ ቤት ጎረቤት ምግብ ይዞ የሚሄድበት ሱና ከዚህ ቤት የተያዘ ነው።

ከዒዳዋ በኋላ አቡ በክር (ረ.ዐ) አገባት። በ632፣ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) የመሰናበቻውን ሐጅ ሊያደርጉ ሲወጡ፣ ዙልሑለይፋ ላይ ሙሐመድን ወለደች። ምን ላድርግ ብላ ብትልክባቸው ታጥባ ኢሕራም እንድትገባ ታዘዘች፤ ከአራስ ቤት ሐጇን ቀጠለች። አቡ በክር ሲሞት እንድታጥበው ኑዛዜ አደረገ፤ አጠበችው። ከዚያ ዐሊ (ረ.ዐ) አገባት።

ነጃሺ ቀደም ብሎ፣ በብዙዎቹ አነጋገር በ9ኛው ዓመተ ሒጅራ፣ ሞቶ ነበር። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሞተበት ዕለት ለሰሐባዎቹ ነግረው ወደ መስገጃው ሜዳ ወጥተው አሰለፏቸው፤ በአራት ተክቢራ ሰገዱበት። ከተሰለፉት መካከል እንጀራውን የበሉ፣ ጥላው ሥር ያደሩ ነበሩ።

አንዲት ነገር ልጨምርና ላብቃ። የነብዩ ልጅ ፋጢማ (ረ.ዐ) ታማ ሳለ የሴት ጀናዛ በጨርቅ ብቻ ተሸፍኖ ቅርጿ እየታየ መወሰዱ ያሳስባት እንደነበር ይተረካል። ይህን ለአስማእ አጫወተቻት። አስማእም ሐበሻ ሳለሁ ያየሁትን ላሳይሽ ብላ እርጥብ የዘንባባ ዝንጣፊ አስመጣች፤ አጎበጠችው፣ በቃሬዛው ላይ አቆመችው፣ ጨርቅ ጣል አደረገችበት። ፋጢማ አየችና ወደደችው፤ ስሞት እንዲህ አድርጊልኝ አለቻት። አደረገችላት።